ያን ያህል አይደለም

አርዲስ ናይጋርድ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ምድር ቤት ቆማ ለልብስ ማጠቢያው ማሽን «ያመኛል» አለችው። ማሽኑ ባዶውን ነበር የሚሽከረከረው። ያስነሳችውም ልብስ ለማጠብ ሳይሆን ባሏ ቨርዴል ፎቅ ላይ ሆኖ እንዳይሰማት ነው። ጠበቃዋ ኪርስተን ሉንዴ የሁለት ሳምንት የቤት ሥራ ሰጥታት ነበር፤ በየቀኑ አሥር ጊዜ፣ ድምፅዋን አውጥታ፣ «ትከሻዬን ያመኛል» እንድትል። አርዲስ የተሰጣትን ሥራ ሳትጨርስ የምትተው ሴት ስላልሆነች አንድም ቀን ሳታጓድል ብላዋለች፤ ለማሽኑ ብቻ እንጂ ለሰው አይደለም። ሰው ፊት ስትቆም ቃሉ ጉሮሮዋ ላይ ይደርስና ተገልብጦ «ያን ያህል አይደለም» ሆኖ ይወጣል። ዛሬ ደግሞ ልምምዱ አበቃ። ሦስት ሰዓት ላይ፣ መሐል ፋርጎ፣ ጠበቆች በተከራዩት ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጣ፣ ክሱ ፍርድ ቤት ከመቅረቡ በፊት፣ በመሐላ ቃሏን ትሰጣለች። ጠያቂው የጭነት ኩባንያው ጠበቃ ነው።

ነገሩ ሲታይ ቀላል ነበር። የዛሬ አሥራ ስድስት ወር፣ በጥቅምት፣ አርዲስ የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ከኋላ ወንበር ላይ አጋድማ፣ ቀይ መብራት ይዟት ቆማ ሳለች፣ ስኳር የሚወጣበትን የሥር ተክል እስከ አፉ የጫነ ከባድ መኪና መቆም አቅቶት ከኋላ መጥቶ ገጫት። ቀሚሱ ተረፈ፤ ቀኝ ትከሻዋ አልተረፈም። አንድ ጊዜ ቀዶ ጥገና ተደርጎለታል፤ አሁን ሐኪሙ መገጣጠሚያው በሙሉ ወጥቶ በሌላ ካልተተካ ክንዷ ከደረቷ በላይ አይነሳም ብሏል። የጭነት ኩባንያው ኢንሹራንስ ግን ያን የሚያህል ቀዶ ጥገና አልከፍልም፣ ትከሻውን ያደከመው እድሜ ነው፣ ሴትየዋ ራሷ አንድም ቀን አመመኝ ብላ አታውቅም ሲል መለሰ። የሚያበሽቀው ነገር ኢንሹራንሱ አለመዋሸቱ ነው። ፖሊሱ በመዝገቡ ላይ «ደህና ነኝ፤ ይልቅ ሾፌሩን እዩልኝ» ማለቷን ጽፏል። አምቡላንሱን ይዘው የመጡት ሰዎች «በዚህ ብርድ በከንቱ ደከማችሁ» ማለቷን ጽፈዋል። ክንዷን እንቅስቃሴ የሚያሠራት ባለሙያ ደግሞ በአሥራ አንድ ቀጠሮ አሥራ አንድ ጊዜ «ያን ያህል አይደለም» የሚለውን ቃሏን በጥንቃቄ መዝግቧል። አርባ ዓመት የሙሽራ ቀሚስ የሰፋ ክንድ ነው። ዛሬ አፏን ከፍታ ካልተናገረች ክንዷ እንዲሁ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ይህን ኪርስተን ነግራታለች፣ አርዲስም ገብቷታል።

ወደ ማድ ቤት ስትወጣ ቨርዴል ተነስቶ፣ የመኪናውን ሞተር ለማሞቅ ካፖርቱን ደርቦ ነበር። ውጪው ከዜሮ በታች ሃያ ስምንት ነው።

«ደህና አደርሽ?»

«ደህና። አንተስ?»

«ደህና።»

በአርባ አንድ ዓመት ትዳር ከዚህ የረዘመ የጠዋት ንግግር አስፈልጓቸው አያውቅም። ቨርዴል ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የእህል ጎተራ ውስጥ ይሠራ የነበረ፣ ረጅምና ጎባጣ ሰው ነው። ሚስቱ ማሽን ስታስነሳ ሰምቷል፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ማሽኑ በየጠዋቱ ሲጮህ ገመድ ላይ አንድም ካልሲ አለመሰጣቱንም አይቷል። አልጠየቀም። እሷም እንዳልጠየቀ አውቃለች። እንቁላላቸውን በልተው፣ ወንዙን ተሻግረው፣ በሰዓት ሁለት ዶላር የሚያስከፍለውን የመኪና ማቆሚያ ሦስት ጊዜ ዞረው አልፈው በነፃ የሚቆምበት ቦታ ከሁለት መንገድ ወዲያ አገኙ። ከዚያ ፊታቸውን በሻርፕ ሸፍነው በእግራቸው መጡ።

ኪርስተን ታችኛው በር ላይ እየጠበቀቻቸው ነበር። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። የሠርግ ቀሚሷን የሰፋችላት አርዲስ ስለሆነች አንዳንድ ጊዜ ማን የማን ደንበኛ እንደሆነ ይምታታባቸዋል።

«ወይዘሮ አርዲስ፣ እንደተለማመድነው ነው እንግዲህ። አሁን ትከሻዎ እንዴት ነው?»

«አይ፣ ያን ያህል—»

«ወይዘሮ አርዲስ!»

«ይቅርታ ልጄ። አፌ ለምዶት ነው።»

ኪርስተን ግንባሯን አሸችና ሌላውን ማስጠንቀቂያ ደገመችላት። የኩባንያው ጠበቃ ሚስተር ዊትሎክ የሚመጣው ከቺካጎ ነው። የታወቀበት አንድ ዘዴ አለው፤ ይጠይቃል፣ መልስ ይሰማል፣ ከዚያ ቀጣዩን ጥያቄ ሳይጠይቅ ዝም ብሎ ያያል። ሰው ዝምታ ስለሚጨንቀው ይቀባጥራል፤ ጉዳዩም በዚያ ይበላሻል። «ዝም ሲልዎት እርስዎም ዝም ይበሉ» አለቻት።

«ምን ያህል ጊዜ ነው ዝም የሚለው?»

«አንዳንዴ አንድ ደቂቃ ሙሉ።»

አርዲስ ቨርዴልን አየችው። ባለፈው ወር ከማክሰኞ ራት እስከ ሐሙስ ምሳ ዝም ብሎ ነበር፤ ያውም ሳይቆጣ። «አንድ ደቂቃ እችለዋለሁ» አለች።

ክፍሉ ረጅም ጠረጴዛ፣ የከረሜላ ሳህንና የዝይዎች ሥዕል ያለበት፣ መስኮቱ በረዶ ወደ ሆነው ወንዝ የሚያይ ነው። ጫፉ ላይ ሬኔ ፍላተን ትንሿን የጽሕፈት መሣሪያዋን ጉልበቷ መሐል አድርጋ ተቀምጣለች። ሥራዋ ቃል መመዝገብ ነው፤ እዚያ ክፍል ውስጥ የተነገረ ማንኛውም ቃል በእሷ ጣቶች በኩል ወደ ወረቀት ይሄዳል። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከአርዲስ ሁለት ወንበር ወደ ፊት የምትቀመጠውም እሷው ናት፤ ሥራ ላይ ስለሆነች ግን በዓይኗ ብቻ ሰላም አለቻት። ቨርዴል ድምፅ እስካላሰማ ድረስ ጥግ ላይ መቀመጥ እንደሚችል ተነገረው። የተሰጠው ግዴታ ስላልከበደው ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተደላድሎ ተቀመጠ። ሚስተር ዊትሎክ ለዚህ አገር የሚሳሳ ካፖርት የለበሰ፣ ትሑት፣ ፀጉሩ የተበጠረ ሰው ነው። ተነስቶ ወንበር ሳበላት። አርዲስ ልትጠላው ተዘጋጅታ ስለነበር ትንሽ ተናደደች።

ሬኔ ልታስምላት «ቀኝ እጅዎን ያንሱ» አለች። አርዲስ ቀኝ ክርኗን በግራ እጇ ደግፋ ሙከራ አደረገች፤ እጇ የሸሚዟ ሦስተኛ ቁልፍ ጋ ደርሶ ቆመ። ዊትሎክ ወረቀቱን እያገላበጠ ስለነበር አላየም። ኪርስተን ይህ በመዝገብ ይያዝልኝ ልትል አፏን ስትከፍት አርዲስ ቀደመቻት። «ወንበሩ ዝቅ ብሎብኝ ነው፤ ይቅርታ» አለች። ሬኔም እንደወረደ ጻፈችው።

ጠዋቱን ሙሉ እንዲህ ሆነ። ዊትሎክ ወረቀት ያወጣል፤ «ለፖሊሱ ደህና ነኝ ብለው ነበር?» ይላል። «ብያለሁ» ትላለች። ከዚያ ዝም ይላል። አርዲስም ዝም ትላለች። መጀመሪያ ላይ ኪርስተን በጭንቀት ወንበሯን ጨብጣ ነበር፤ አርዲስ ግን እዚያ ክፍል ውስጥ የተመቻት እሱ ሲጠይቃት ሳይሆን ዝም ሲል ነበር። የኮቱን እጅጌ ትመለከታለች፤ ገበሩ ተጨምድዷል፣ ውድ ኮት ነው ግን የሰፋው ሰው ቸኩሏል። በመስኮቱ በኩል በበረዶው ላይ የሚሄድ ውሻ ታያለች። ቨርዴል ጥግ ላይ እንደ ቤት ዕቃ ረግቷል፤ ሬኔም ጣቶቿን አንስታ ትጠብቃለች፤ ዝምታ አይመዘገብምና። አራት የዚህ አገር ሰዎች አንድ ላይ ዝም ሲሉ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሳሎን ውስጥ የተቀመጡ ነው የሚመስሉት። በሦስተኛው ዝምታ ላይ የዊትሎክ አንገት ቀላ፤ እስክሪብቶውን አስቀመጠ፤ አነሳ፤ በመጨረሻም ጉሮሮውን ጠርጎ «አገሩ ሁልጊዜ እንዲህ ይበርዳል?» አለ። ሬኔ ጻፈችው።

«የለም» አለች አርዲስ። «ዛሬ እንኳ ለዘብ ብሏል።»

ይሁንና ቀባጥራ አለመበላሸቷ ብቻ ትከሻዋን አያድነውም። ወረቀቶቹ አሉ፤ ለእያንዳንዳቸውም «ብያለሁ» ከማለት በቀር መልስ አልነበራትም፤ እውነት ነውና። አሥራ አንዱን «ያን ያህል አይደለም» አንድ በአንድ እያነበበ አስፈረመባት ማለት ይቻላል። ሁለት ጊዜ አፏን ከፍታ «ያመ…» አለች። አንዴ ያሳላት አስመሰለችው፤ አንዴ ደግሞ ውሃ ጠየቀች። ለምሳ ሲወጡ ኪርስተን ኮሪደሩ ላይ ያዘቻት። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ወይዘሮ አርዲስ፣ እየሰመጥን እኮ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«አንድ ቃል እኮ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ይበሉት።»

አርዲስ መሬት መሬት አየች። «ብቻዬን ስሆን እለዋለሁ» አለች። «ሰው ፊት ሲሆን ግን ልመና ይመስለኛል። ሰው ሁሉ የየራሱ አለበት፤ እኔ ማን ስለሆንኩ ነው?» ኪርስተን ራሷም ያደገችው እዚሁ ነው፤ ባለፈው ዓመት እግሯ ተሰብሮ በነበረ ጊዜ እሷም ለእናቷ «ትንሽ ወለም ብሎኝ ነው» ነበር ያለችው። ቨርዴል ከቤት የያዘውን ሳንድዊች ለሦስት ቆርጦ አካፈላቸው።

ከምሳ በኋላ ዊትሎክ ተነቃቅቶ ተመለሰ። ያለውን ከባድ ማስረጃ ለመጨረሻ አቆይቶት ነበር። ፎቶግራፍ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አንሸራተተው። መስተዋት ሳህን ውስጥ የተሠራ ምግብ ነው፤ ሾፌሩ ያነሳው።

«ወይዘሮ ናይጋርድ፣ ይህ ምንድን ነው?»

አርዲስ ፊቷ ቀላ። «ሆትዲሽ ነው።»

«ለመዝገቡ ያህል፣ ሆትዲሽ ምን እንደሆነ ይንገሩን።»

ሬኔ ከጽሕፈቷ ቀና ብላ ይህን የማያውቅ ሰው ምን እንደሚመስል አየችው። አርዲስ በትዕግሥት አስረዳችው፤ ከሥር የተፈጨ ሥጋ፣ መሐሉ የእንጉዳይ ሾርባ፣ ከላይ ጣት የሚያህሉ የድንች ጥብሶች ይደረደራሉ፤ ምድጃ ውስጥ ይገባል፤ ሰው ሲሞትበት፣ ሲወልድ ወይም ሲታመም ይወሰድለታል።

«እርስዎ ከአደጋው በአምስተኛው ቀን ይህን ሠርተው ለሾፌሩ ላኩለት። ለገጨዎት ሰው።»

«ሁለት ቀን ሳይተኛ ነው ሲነዳ የነበረው። በመከር ጊዜ ያስነዷቸዋል። እዚያ አስፋልት ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ቤቱ ደግሞ ማንም የለው።»

ኪርስተን «ያስነዷቸዋል» የሚለውን ቃል ሰምታ ማስታወሻዋ ላይ አሰመረችበት። ዊትሎክ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ስለነበር አለፈው። ሊያሳይ የፈለገው አንድ ነገር ነው፤ በአምስተኛው ቀን ሥጋ የጠበሰች፣ ድንች የደረደረች፣ ከባድ መስተዋት ሳህን ምድጃ ውስጥ አስገብታ ያወጣች ሴት ትከሻዋ ምንም አልሆነም። ምስክሯ ራሷ እንድትሆንለት ፈገግ ብሎ ጠየቃት።

«ጥሩ ሆትዲሽ ነበር አይደል?»

እዚህ ላይ ነው የሳተው። በዚህ ከተማ የራሷን ምግብ «ጥሩ ነበር» የምትል ሴት የለችም፤ በመሐላ ደግሞ ከቶ አይታሰብም።

«አልነበረም» አለች አርዲስ።

«አልነበረም? ሾፌሩ በሰጠው ቃል፣ ገጽ አርባ አራት ላይ፣ በሕይወቴ ከበላሁት ሁሉ የሚጥም ነበር ብሏል።»

«ጨዋ ሰው ስለሆነ ነው።»

ዊትሎክ በትዕግሥት ሳቀ። «ታዲያ ለምን ጥሩ አልነበረም?»

ኪርስተን ትንፋሿን ያዘች። በሕግ ትምህርት ቤት መልሱን የማታውቀውን «ለምን» አትጠይቅ ተብሎ ይነገራል፤ እሱም ሳይማረው አልቀረም፣ ግን ስለ ድንች የተጠየቀ «ለምን» ሰው ይጎዳል ብሎ ማን ያስባል?

«ሰልፉ ተጣመመብኝ» አለች አርዲስ፤ ድምፅዋ ውስጥ ጠዋቱን ሙሉ ያልነበረ ሐዘን ነበር። «እዩት እስቲ ፎቶውን። እኔ ሰባት መደዳ ነው የምሠራው፣ በማስመሪያ የተሠመረ የሚመስል። ያን ቀን በግራ እጄ ነው የደረደርኩት፤ ቀኙ ሳህኑ ጋ አልደርስ አለኝ። የሰከረ ሰው የደረደረው ነው የሚመስለው። ሥሩም አሯል። በሰዓቱ ላወጣው አልቻልኩም፤ ወንበር አስጠግቼ፣ በጉልበቴ ደግፌ፣ በግራ እጄ እየጎተትኩ ነው ያወጣሁት። እንዲያ ያለ ነገር ለሰው መላክ ነውር ነው። ግን ሌላ ለመሥራት አቅም አልነበረኝም።»

ዊትሎክ ሲጨንቀው የሚያደርገውን አደረገ፤ ዝም አለ። ልምዱ ነው። ጠዋት ግን ዝምታው የጠያቂ ዝምታ ነበር፤ አሁን ለአርዲስ ሌላም እንዳለ ያወቀ ሰው ዝምታ መሰላት። አንዴ ጥፋት ማውራት ከተጀመረ ደግሞ ግማሹን አውርቶ ግማሹን መደበቅ ከመዋሸት አይለይም።

«ጥር ላይም» አለች፤ «የአንዲት ልጅ ቀሚስ ጠርዝ አጠፍኩ። በስተግራ በኩል ግማሽ ጣት ያህል አጥሯል። ጨርቁን ወጥሬ መያዝ ስላቃተኝ ነው። ልጅቷ አላየችውም። ስልሳ አምስት ዶላር፣ ሙሉውን ተቀበልኳት።» ወደ ሬኔ ዞረች። «ይህም ይጻፍ።»

«እየጻፍኩ ነው» አለች ሬኔ።

«ለቤተ ክርስቲያን ያመጣሁት የገና ብስኩትም የኔ አይደለም። ሊጥ መዳመጥ አልቻልኩም። ከሱፐርማርኬት ገዝቼ፣ ከማሸጊያው አውጥቼ፣ በራሴ ሳህን ደረደርኩት። ሰዉ ሲያመሰግነኝ ዝም አልኩ።» ቆም አለች። «ሬኔ አሠራሩን ስትጠይቀኝም ጽፌ ሰጥቻታለሁ።»

የሬኔ ጣቶች አልቆሙም፤ ጆሮዋ ግን ቀላ።

«ወይዘሮ ናይጋርድ» አለ ዊትሎክ በችኮላ፣ «ጥያቄ አልጠየቅኩዎትም—»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አንድ ይቀረኛል።» አርዲስ እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አጋጠመች። ወደ ጥግ አላየችም። «ባሌን ታንኮራፋለህ ብዬው ምድር ቤት ባለው ተዘርጊ ወንበር ላይ ነው የምተኛው። ይኸው አሥራ ስድስት ወር። አያንኮራፋም። ድሮም አንኮራፍቶ አያውቅም። አልጋ ላይ ጋደም ማለት ስለማልችል ነው።»

ጥግ ላይ ቆብ ወደቀ። ቨርዴል አሥራ ስድስት ወር ሙሉ በየማታው አፍንጫው ላይ ፕላስተር ሲለጥፍ ከርሟል፤ ከራት በኋላ የሚጠጣትን አንዲት ቢራም ትቷል፤ አንድ ሰሞን ደግሞ በጀርባው እንዳይተኛ ከፒጃማው ጀርባ ላይ ኳስ ሰፍቶ ነበር። ቆቡን አላነሳም። ኪርስተን ማስታወሻዋን ዘጋች። ከዚህ በላይ የምትጽፈው አልነበረም።

ዊትሎክ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሥራውን የሚሠራ ሰው ነው፤ የቀረውም አንድ ወረቀት ነበር። ሆስፒታል ውስጥ ለበሽተኛ ሁሉ የሚቀርበውን ጥያቄ አወጣ፤ ሕመምዎ ከአንድ እስከ አሥር ስንት ነው? በሦስት የተለያዩ ቀናት፣ በሦስት የተለያዩ ነርሶች እጅ፣ «ሁለት» ተብሎ ተጽፏል።

«ይህ የእርስዎ መልስ ነው?»

«ነው። ግን እሱም ትክክል አይደለም። መታረም አለበት።»

«ለምን ሁለት አሉ ታዲያ?» ዊትሎክ «ለምን» ማለቱ ትዝ ያለው ዘግይቶ ነው።

«አሥር ምንድን ነው ብዬ ነርሷን ጠየቅኳት። ሰው ሊያስበው የሚችለው የመጨረሻው ሕመም ነው አለችኝ። እንግዲህ ብዙ የታመመ ሰው አለ። አሥሩን ለእነሱ ተውኩት፤ ዘጠኙንም፣ ስምንቱንም። እንዲያ እየተውኩ ስመጣ ሁለት ላይ ደረስኩ።»

«በመሐላ ላይ ነዎት። ትክክለኛው ስንት ነው?»

አርዲስ አሰበች። ክፍሉ ዝም አለ። በዚህኛው ዝምታ ላይ ማንም ስለ ብርድ አላወራም። ለማሽኑ የነገረችውን ሁሉ፣ ሌሊት ወንበሩ ላይ ተቀምጣ የቆጠረችውን የግድግዳ ስንጥቅ፣ ፀጉሯን ለማበጠር አንገቷን አጎንብሳ ወደ ማበጠሪያው የምትሄድበትን ጠዋት ሁሉ ደመረችው። ከዚያ ሌሎች ሰዎችን ቀነሰች፤ ግን እንደ በፊቱ አብዝታ አልቀነሰችም።

«አራት» አለች። ድምፅዋ መሐሉ ላይ ተሰበረ።

የዊትሎክ ፊት በራ። ወረቀቱ ላይ ትልቅ አራት ጽፎ ሁለት ጊዜ አሰመረበት። ሬኔ ግን በስድስት ሰዓት ሥራ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጣቶቿ ቆሙ። አርዲስን አየቻት፤ ዓይኖቿ ሞሉ፤ ከዚያ ቃሉን ቀስ ብላ መታችው። ቨርዴል ቆቡን አነሳና ተነስቶ ወጣ።

«ተጨማሪ ጥያቄ የለኝም» አለ ዊትሎክ።

«እኔም የለኝም» አለች ኪርስተን።

ሬኔ መሣሪያዋን ስታጣጥፍ አርዲስ ጠጋ ብላ «ሬኔ፣ ስለ ብስኩቱ…» አለች። ሬኔ በሩ መዘጋቱን አረጋገጠች። «ከየትኛው ሱፐርማርኬት ነው?» አለቻት በሹክሹክታ።

ኮሪደሩ ላይ ዊትሎክ ለቢሮው እየደወለ ነበር። «ከአሥር አራት!» ይላል። «በራሷ አፍ፣ በመሐላ! አዎ፣ የመጨረሻው ጥያቄ ላይ!» ሊፍቱ እሱን ይዞ ሲዘጋ ኪርስተን ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ግድግዳውን ተደገፈች።

«ወይዘሮ አርዲስ፣ ፍርድ ቤት ከሄድን የሚፈርዱት ስድስት ተራ ሰዎች ከየት እንደሚመረጡ ያውቃሉ?»

«ከዚሁ ነው እንጂ።»

«ከዚሁ ነው። ስድስቱም። አንዲት የዚህ አገር ሴት፣ በስድሳ አራት ዓመቷ፣ ሰው ፊት፣ በመሐላ "አራት" ስትል ሲሰሙ ምን ያስባሉ?»

አርዲስ ደነገጠች። «አበዛሁት እንዴ?»

«አላበዙትም» አለች ኪርስተን፤ ጤነኛውን ትከሻዋን በቀስታ ያዘች። «ሚስተር ዊትሎክ ያንን ወረቀት ይዞ የዚህን አገር ጠበቃ ያማክራል። ከዚያ ራሱ ይደውልልኛል። ቀዶ ጥገናውን መቼ እንደሚፈልጉ ያስቡበት።»

ታች በሩ ላይ መኪናው ቆሟል። ቨርዴል ሁለቱን መንገድ በዚያ ብርድ ብቻውን ሄዶ አምጥቶታል። ማቆም በተከለከለበት ቦታ፣ አንዱን ጎማ እግረኛ መንገድ ላይ አውጥቶ፣ በሩን ከፍቶ ይዞ ነበር። በአርባ አንድ ዓመት ውስጥ ወደ ሆስፒታል ካልሆነ በቀር እንዲህ አድርጎ አያውቅም። አርዲስ ገባች። ቀበቶዋን እሱ አሰረላት፤ እሷም ሲያስራት ዝም አለች።

ሁለት መብራት አለፉ።

«አላንኮራፋም ማለት ነው» አለ ቨርዴል።

«አታንኮራፋም።»

«ቢራዬን ትቼ ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«ኳስም ሰፍቼ ነበር።»

«ያውም በጥቁር ክር፣ በነጭ ፒጃማ ላይ» አለች አርዲስ። «ዛሬ ማታ እፈታልሃለሁ።»

ሦስተኛው መብራት ቀይ ሆኖ ያዛቸው። ቨርዴል በመስታወቱ ወደ ኋላ አየ፤ ከኋላቸው ማንም የለም። ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ቀዩን መብራት እያየ ቆየ።

«አራት» አለ።

«እንግዲህ።»

«ከሌላው መደበቅሽስ ይሁን። ለኔ ግን» አለ፤ ጉሮሮውን ጠረገ፤ «ለኔ በትንሹ ሦስት ማለት ትችይ ነበር።»

አርዲስ ወደ መስኮቱ ዞረች፤ መስኮቱ በትንፋሿ ደበዘዘ። ከዚያ ዓመት ሙሉ ያየችው፣ እሱም እንዳላየችው አድርጎ ያሰበው ነገር ትዝ አላት፤ ብቻውን የሆነ ሲመስለው ደረጃውን ፊቱን አዙሮ፣ የኋሊት፣ መደገፊያውን በሁለት እጁ ይዞ ነው የሚወርደው።

«አንተስ» አለችው፤ «ጉልበትህ?»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ቨርዴል መኪናውን አንቀሳቀሰ። ድልድዩ ላይ ወጡ፤ ከሥራቸው ወንዙ ነጭ ሆኖ ተኝቷል። ድልድዩ መሐል ሲደርሱ «ሁለት» አለ። ከተሻገሩ በኋላ ደግሞ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ተኩል» ብሎ ጨመረበት።